የካፔምብዋ ደም

የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ኃላፊ ካፔምብዋ ሬሳ ክፍል ተጋድሟል። አፉ ከውስጥ እስከ ከንፈሩ ቆስሏል። ታሞ ከሥራ ቀርቶ የማያውቅ ሰው፣ ትኩሳት ይዞት ሳምንት ሳይሞላው አለቀ። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም መቅኔው ደም መሥራት አቁሞ አገኘው። በሰውነቱ ውስጥም የካንሰር መድኃኒት ነበር። ካፔምብዋ ግን ካንሰር አልነበረበትም።

መርማሪ ሙቲንታ ወደዚህች የመዳብ ማውጫ ከተማ የተጠራችው ለዚህ ነው። ፀጉሯ የሸበተ፣ ስታዳምጥ ዓይኗን የማትነቅል ሴት ናት። በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው ሄደች። ምክትሉ ቺሌክዋ ከደም መቁጠሪያው ማሽን አጠገብ ቆሞ ተቀበላት።

«ወንበሩ ላንተ ሆነ ማለት ነው» አለችው።

«ሆነ። ግን አልተቀመጥኩበትም፣ ባማዮ» አላት፤ በአካባቢው ቋንቋ ‹እናቴ› ማለት ነው።

«ምሳ ከማን ጋር ነበር የሚበላው?»

«ከኔ፣ ከማሽን ጠጋኙ ከሲያሜና ከካንሰር ክፍሏ ከሲስተር ንሶፍዋ ጋር። የበቆሎ ገንፎው ንሺማ ከኔ፣ ዓሣው ከሲያሜ። ሲስተር ደግሞ ሙንኮዮ ጠምቃ ታመጣለች። ለሱ ስኳር ስለማይሆነው የሱን ለብቻ በጠርሙስ ታደርግለታለች። ጠርሙሱ እስከ ምሳ እዚህ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚውለው፤ ማንም ሊነካው ይችላል።»

«የካንሰር ክፍሉን የመድኃኒት ቁም ሣጥንስ ማን ይከፍታል?»

«ሲያሜ የሁሉም በር ቁልፍ አለው። እኔም ገባ ወጣ እላለሁ።»

ሙቲንታ ማሽኑን አየችው። «ይሄ ልክ መቁጠሩን በምን ታውቃላችሁ?»

«ቁጥሩ ቀድሞ የታወቀ መፈተሻ ደም ከውጭ ይላክልናል። ካለቀ ቆየ። ስለዚህ ሟቹ ጠዋት ጠዋት ክንዱን ዘርግቶ ‹የኔን ቅዱ› ይለን ነበር። የሱ ነጭ የደም ሴል ለዓመታት ፍንክች ብሎ አያውቅም። ባለፈው ወር ማሽኑ የሱን ደም አሳንሶ መቁጠር ጀመረ፤ ሲያሜ አስተካከለው።»

ሲያሜ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። «ራሱ ነው ያዘዘኝ። ‹ማሽንህ ሰነፈ› አለኝ። ምሳ ላይ ሁላችንም ስቀንበታል።»

«ሲስተርም?»

«እሷ እንኳ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህማ ሥራ አበዛችብን» አለ ቺሌክዋ። «የሕመምተኞቿን ነጭ ሴል በማይክሮስኮፕ ቁጠሩልኝ እያለች። ሌላ ክፍል እንዲህ ብሎ የጠየቀን የለም።»

ሙቲንታ እጅጌዋን ሰበሰበች። «የኔን ደም ቅዳ። በማሽኑም፣ በማይክሮስኮፑም ቁጠረው።»

ቺሌክዋ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ፊቱ ጠቆረ። ማሽኑ በማይክሮስኮፕ ካየው እጥፍ እየነገረው ነበር።

ሙቲንታ ሲስተር ንሶፍዋን አልጋ ስታነጥፍ አገኘቻት። እርጋታ ያላት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት።

«ማሽኑን አታምኚውም አሉ።»

«ወንድሜን የገደለው ማሽን ነው። አምና ደም የሚያረጋው ሴል ሞልቷል አለ፤ ሐኪሞቹም አምነው ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ደሙ አልቆም አለ።»

«ውጤቱ ላይ ማን ፈረመ?»

«ካፔምብዋ» አለችና አንሶላውን ወጥራ ከፍራሹ ሥር አስገባች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ላቦራቶሪው ውስጥ ተሰበሰቡ። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«ማሽኑ መጀመሪያ ልክ ነበር» አለች ሙቲንታ። «የካፔምብዋ ደም ቀነሰ ሲል እውነቱን ነው። ሰውየው እየተመረዘ ነበር። እናንተ ግን ደሙን አምናችሁ ማሽኑን አጣመማችሁት። ከዚያ ወዲህ የሰውን ሁሉ ነጭ ሴል እጥፍ አድርጎ ይቆጥራል።»

ሲያሜ ግድግዳውን ተደገፈ።

«መርዙን የሰጠው ሰው ግን ደሙ በእርግጥ መቀነሱን ስለሚያውቅ፣ በጥገናው ማሽኑ መበላሸቱንም ያውቃል። ቺሌክዋ አላወቀም፤ ቁጥሩን እያመነ ለየክፍሉ ሲልክ ከረመ። ሲያሜም ቢያውቅ ኖሮ ‹ራሱ ነው ያዘዘኝ› ብሎ በገዛ አፉ አይነግረኝም ነበር። አንድ ሰው ብቻ ማሽኑን ማመን አቆመ። ሲስተር፣ ወንድምሽ የሞተው አምና ነው። ዓመቱን ሙሉ የማሽኑን ቁጥር ስትቀበዪ ኖረሽ፣ በእጅ ይቆጠርልኝ ያልሽው ሲያሜ ከነካው በኋላ ነው። ያውም ነጭ ሴሉን ብቻ።»

ንሶፍዋ ለመካድ አልሞከረችም።

«ነጭ ሴሉ የወረደ ሰው የካንሰሩን መድኃኒት ከወሰደ ይሞታል» አለች። «ሕመምተኞቼን በሐሰት ቁጥር ልግደላቸው?»

«ካፔምብዋንስ?»

«ለወንድሜ ቀብር መጣ። እጄን ይዞ ‹ማሽኑ ነው› አለኝ። ሳያይ ፈርሞ፣ ‹ማሽኑ ነው›። ይቅርታ እንኳ አላለኝም።»

«ያንቺ ሕመምተኞች ተርፈዋል» አለች ሙቲንታ። «የሌሎቹ ክፍሎችስ?»

ሲስተር ወደ በሩ ዞረች። ፖሊሱ ክንዷን ይዞ ሲያስወጣት ወደኋላ አልዞረችም።

ሲያሜ የማሽኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለ። ቺሌክዋ ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋና የመጀመሪያውን ናሙና አነሳ፤ እጁ ግን መሃል ላይ ቆመ።

«ባማዮ፣ ባለፈው ሳምንት አንዲት ነፍሰ ጡር ትኩሳት ይዟት መጥታ ነበር» አለ። «ማሽኑን አምነን ነጭ ሴልሽ ደህና ነው ብለን ወደ ቤቷ ሰደድናት።»

«ቤቷን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እንሂድ» አለችው ሙቲንታ፤ የመኪናዋን ቁልፍ አውጥታ ቀድማው ወጣች።