ሞተር ለብርድ አይሰጥም

ሉተር ሃውገን የተገኘው በገዛ ጋራዡ ደጅ፣ ከገዛ ፒካፑ አጠገብ፣ በጀርባው ተንጋልሎ ነበር። ጢሙ ላይ አመዳይ ጋግሯል፤ የቱታው እጅጌ ከመሬቱ ጋር ተጣብቋል። ፒካፑ በግድግዳው ሥር ቆሞ፣ ከመኪናው አፍንጫ የወጣው ጥቁር ገመድ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ተሰክቷል። በበረዷማዋ የስቶርደል ከተማ ክረምት መኪና የሚያድረው እንዲህ ነው፤ ሞተሩ ሌሊቱን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካልሞቀ ናፍጣው ይረጋል፣ ጠዋትም የሚነሣ የለም።

መርማሪ ሎርና ቤክስትድ ከመኪናዋ ስትወርድ ጉልበቷ ተንቋቋ። ጡረታዋ በመጪው ጸደይ ነው። ካለፈው መከር ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጥታለች። ቴስ ኤርሃርት የምትባል፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ በመንገድ ሥራ ላይ መኪና የምታስተላልፍ ወጣት በአንድ ያልታወቀ መኪና ተገጭታ ሞታለች፤ ገጪውም አምልጧል። እናትየው በየወሩ እየደወለች «አዲስ ነገር አለ?» ትላለች፤ ሎርናም በየወሩ «የለም» ብላ ትመልሳለች። ይህን ሬሳ ስታይ አስቀድሞ የተሰማት ሐዘን ሳይሆን ድካም ነበር፤ በዚያም በራሷ አፈረች።

«ማን አገኘው፣ ጎርደን?»

«እኔ። ጠዋት ስመጣ። መጀመሪያ የወደቀ ጎማ መስሎኝ በእግሬ ልገፋው ነበር።» ጎርደን ሊንድ ከሉተር ጋር የናፍጣ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ያረጀ መካኒክ ነው፤ አሁን እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶታል። «አዳልጦት ነው፣ አይደል? ፒካፑን አቁሞ ሲመለስ አዳለጠውና ራሱን መታ።»

ሎርና ጎንበስ ብላ ማጅራቱን አየች። ቁስሉ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ በረዶ የሰጠው ሳይሆን ብረት የሰጠው። ቀጥላም ልብሱን አየች።

«ኮቱስ?»

«ውስጥ… ሚስማሩ ላይ ነው።»

«በዚህ ብርድ ኮት ሳይደርብ ደጅ የሚወጣ የዚህ አገር ሰው ታውቃለህ?»

ሎርና ጓንቷን አውልቃ መዳፏን በሉተር ፒካፕ ኮፈን ላይ አሳረፈች፤ ብርዱ እንደ እሳት ፈጃት። ከጎኑ፣ ከዚያው ግድግዳ የተሰካ፣ የከተማው እንስሳት ሐኪም ለጥገና የተወው ፒካፕ አለ። እሱንም ዳሰሰች።

«ሁለቱም ተሰክተዋል፤ ሁለቱም ግን እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘዋል።»

«የውጪው ሶኬት ብሬከር ወድቆ ኤሌክትሪኩን አቋርጦታል። ስገባ አይቼዋለሁ። ግን ዛሬ ማን ብሬከር ያነሣል?» አለ ጎርደን፣ ድምፁ እየተሰበረ።

የወረዳው ፖሊስ አለቃ፣ ሸሪፉ፣ በስልክ ነገሩን ሲሰማ ብዙ አላሰበም። «ተገድሏል ካልሽ ገዳዩ እዚያው ነው ያለው። ያ ከደቡብ የመጣው መካኒክ በሰው ፊት ተጣልቶታል። እኩለ ቀን ላይ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«ጠብ ማስረጃ አይደለም።»

«ሎርና፣ ደክሞሻል። ቀላሉን ነገር አታክብጂው።»

ሬይናልዶ ካንቱ ከምድጃው አጠገብ በተገለበጠ የዘይት ባልዲ ላይ ተቀምጦ አንድ ጥንድ ጓንት ያገላብጥ ነበር። ባለፈው መከር ከሞቃቱ ደቡብ፣ ከላሬዶ የመጣ፣ ከንፈሩ በብርድ የተሰነጣጠቀ መካኒክ ነው።

«ከሉተር ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«እሱ ጮኸ፣ እኔ ሰማሁ። ይሄ ጠብ ከተባለ አዎ፣ ተጣልተናል።»

«ስለ ምን?»

«የእንስሳት ሐኪሙን ፒካፕ ሳልሰካው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ናፍጣው ረግቶ አደረ። ምን ላድርግ፣ እመቤቴ? እኛ አገር የሚሰካው ስልክ ነው፤ መኪና ሲሰካ እዚህ ነው ያየሁት። ‹አንተ የሙቀት አገር ሰው፣ ሞተር ገዳይ!› አለኝ፣ በደንበኛ ፊት።» ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። «በማግስቱ ይሄን ጓንት አመጣልኝ፤ የራሱን። ሽማግሌው ይቅርታ የሚባለው ቃል ካፉ አይወጣም ነበር።»

በጓንቱ አንጓ ላይ የሉተር ስም በቀለም ተጽፏል። ሎርና ሸሪፉ ይህን ሲያይ የሚናገረውን አስቀድማ ሰማችው።

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«ክፍሌ። ብቻዬን። ምስክር የለኝም።» ቀና አለ። «እናቴ እሁድ እሁድ ስልኬን ትጠብቃለች። እስር ቤት መደወል ይፈቀዳል?»

ሎርና ይህን ጥያቄ ከጥፋተኞችም ከንጹሐንም ሰምታው ታውቃለች። ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚጠየቀው።

በጋራዡ መካከል አንድ ትልቅ ነጭ ፒካፕ ኮፈኑን ከፍቶ፣ አፍንጫው ተፈቶ ቆሟል።

«ይህ የማን ነው?»

«የቨርጅል ኦስቢ። ከብት አርቢው፣ የሉተር የልጅነት ጓደኛ።» ወሬው ወደ ሥራ ሲዞር የጎርደን ድምፅ ጸና። «‹ዳገት ላይ ጉልበት አጣ፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል› ብሎ አመጣው። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው በዝቶ አየሩ አንሷል ማለት ነው። ናፍጣውን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አየን፣ ደህና። ቱርቦውን አየን፣ ደህና። እንግዲህ ቱርቦው የገፋው አየር መንገድ ላይ ይሾልካል። ሉተር ‹ኢንተርኩለሩ ነው፣ አየሩን የሚያቀዘቅዘው፤ ተሰንጥቋል› አለ። ትናንት ስወጣ እየፈታው ነበር።»

«ምን ሰነጠቀው?»

«ቨርጅል በመከር አጋዘን ገጭቷል። የፊቱን ፍርግርግና ፓራውልቱን ራሱ ቀየረ። ከኋላው ያለው መጎዳቱን አላየም።»

«የቅርብ ጓደኛው መካኒክ ሆኖ ራሱ ቀየረ?»

«እኔም ገርሞኝ ነበር።»

«የተፈታው ኢንተርኩለር የት አለ?»

ጎርደን ወደ ሥራ ጠረጴዛው ዞረ። ብሎኖቹ በሥርዓት ተደርድረዋል፤ ኢንተርኩለሩ ግን የለም። ከጠረጴዛው ሥር ፈለገ፣ ከጎማዎቹ ጀርባ ፈለገ። «ሉተር እኮ ለመኪናው ባለቤት ሳያሳይ አሮጌ ዕቃ አይጥልም። አንዲት ብሎን እንኳ!»

ሎርና ባትሪዋን አብርታ በፒካፑ ክፍት አፍንጫ ውስጥ አንገቷን አስገባች። በራዲያተሩ ስስ ቅጠሎች መካከል የተሰነቀረ ነገር ነበር፤ በመቆንጠጫ ቀስ ብላ ሳበችው። የአጋዘን ፀጉር አይደለም። ብርቱካናማ ክር ነው። ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያም በትንሽ ፌስታል ውስጥ አኑራ በደረት ኪሷ ከተተችው፤ እጇ ግን ከኪሷ ላይ ወዲያው አልተነሣም።

የሉተር ቤት ከጋራዡ ጀርባ ነው፤ በእግር ጥቂት እርምጃ። ባለቤቱ አርዲስ ወጥ ቤት ተቀምጣለች፤ ጎረቤት ያመጣው ትኩስ ምግብ ሳይነካ ተደርድሯል። ቨርጅል ኦስቢም ሚስቱ የጋገረችውን ድንችና ሥጋ ይዞ መጥቶ፣ ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ አኑሮ ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ያም ማስመሰል አልነበረም።

«ሉተርን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው፣ ቨርጅል?»

«ፒካፔን ሳመጣ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ላሞቼ እየወለዱ ነው፤ ትናንት ማታ ከበረቱ ንቅንቅ አላልኩም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በዚያ ልጅ ላይ ክፉ መናገር አልፈልግም። ግን ሉተር የማያውቀውን ሰው ያምን ነበር።»

«ፒካፑን ሁልጊዜ ከዚያ ግድግዳ ሥር ነበር የሚያቆመው?»

«ጋራዡን ከከፈተ ጀምሮ። ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ።»

ቨርጅል ተሰናብቶ ከወጣ በኋላ አርዲስ በመስኮት እያየች «ግን ለምን አወጣው?» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

«ምኑን?»

«ፒካፑን። ማሞቂያው ከተቃጠለ ሳምንት ሆኖታል። በተሰካ ቁጥር ብሬከሩን ይጥላል፤ ስለዚህ መለዋወጫው እስኪመጣ ጋራዡ ውስጥ ነበር የሚያሳድረው። የሰውን ሁሉ መኪና እየጠገነ የራሱን…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

ሎርና ወደ ጋራዡ ተመልሳ ጎርደንንና ሬይናልዶን ለየብቻ ስለዚያ ማሞቂያ ጠየቀቻቸው። ሁለቱም ሳያመነቱ ያንኑ መለሱ፤ ሬይናልዶ እንዲያውም «‹የሐኪሙን ስካ፣ የኔን እንዳትነካ› እያለ ጆሮዬን አደንቁሮኛል» አለ። ፎቶና አሻራ ከተነሣ በኋላ ፒካፑ ተጎትቶ ወደ ውስጥ እንዲገባና እንዲሞቅ፣ ብሬከሩም እንዲነሣ አዘዘች። ከዚያ ለቨርጅል ደወለች፤ «ስለ መኪናህ ጉዳይ ብቅ በል» አለችው።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። አርዲስ የሉተርን ኮት ደርባለች። ጎርደን ከብሬከር ሳጥኑ ሥር ግድግዳ ተደግፏል። ሸሪፉ ካቴናውን በእጁ እያቃጨለ የሬይናልዶን ጓንት አየ፤ የተጻፈበትን አነበበና «ይኸው!» አለ።

«ጥቂት ታገሠኝ» አለች ሎርና። «ቨርጅል፣ አንድ ነገር ልለምንህ። የሉተር ፒካፕ መንገድ ዘግቶብናል፤ ጎርደን ደግሞ እጁ ይንቀጠቀጣል። አውጥተህ ቦታው ላይ አቁምልን።»

«ምን ችግር አለው» አለ ቨርጅል፤ ሞተሩን አስነሥቶ ወጣ።

ሎርና ከጎርደን በቀር ሁሉንም ወደ መስኮቱ ጠራቻቸው። ቨርጅል ፒካፑን በአንድ ጊዜ ከግድግዳው ሥር አስተካክሎ አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ በሩን ዘጋ። ሁለት እርምጃ ወደ ጋራዡ ተራመደ። ከዚያ ቆመ። ተመልሶ ጎንበስ አለ፤ ገመዱን ከፒካፑ አፍንጫ ፈታ፣ በረዶውን ከሶኬቱ ላይ በአውራ ጣቱ ጠረገና ሰካ።

ከጎርደን ራስ በላይ አንድ ነገር «ጠቅ!» አለ።

«ምንድን ነው?» አለ ሸሪፉ።

«ብሬከሩ» አለ ጎርደን። ዓይኑን ጨፈነ።

ቨርጅል እጁን እያሻሸ ገባ። «ቦታው ላይ ነው።»

«ሰካኸው?» አለችው ሎርና።

«እንግዲህስ! በዚህ ብርድ?» የሚስቅለት ፈለገ። ማንም አልሳቀም።

ሎርና የሚያውቀው ነገር የከበደው ሰው እንደሚናገረው በዝግታ ተናገረች። «ሉተር ኮት ሳይለብስ ደጅ አይወጣም። ስለዚህ ውስጥ ተመትቶ፣ ተጎትቶ ወጣ። ያወጣው ሰው ያዳለጠው ለማስመሰል ፒካፑንም አውጥቶ የድሮ ቦታው ላይ አቆመው። እስከዚህ ማንም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያ ሰው ፒካፑን ሰካው፤ ብሬከሩም ወደቀ፤ የሐኪሙም መኪና አብሮ ቀዘቀዘ። አርዲስ፣ ጎርደንና ሬይናልዶ ያ ፒካፕ እንደማይሰካ ያውቃሉ። ሬይናልዶማ መሰካት ያለበትንም ይረሳል። ጥፋቱም ጠቡም ይኸው ነበር። እኔ የምፈልገው ማሞቂያው መቃጠሉን ያልሰማ፣ ነገር ግን ሞተር ለብርድ ሰጥቶ መሄድ እጁ እምቢ የሚለው ሰው ነበር። የዚህ አገር ሰው።»

«እኔም የዚህ አገር ሰው ነኝ» አለ ሸሪፉ። «እኔም እሰካው ነበር።»

«ትሰካው ነበር። አንተ ግን አጋዘን ያልሆነ አጋዘን አልገጨህም።» ከደረት ኪሷ ፌስታሉን አወጣች። «ቨርጅል፣ ሉተር ጥቁሩን ጭስ ተከትሎ ኢንተርኩለሩ ድረስ ሄደ፤ እዚያ ያገኘው ፀጉር አልነበረም። ኢንተርኩለሩን ወስደህ ደብቀሃል። ከኋላው ያለውን ራዲያተር ግን አላየኸውም። ይህ ክር ከቴስ ኤርሃርት ሰደርያ ጋር ይመሳከራል። ውጤቱን አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ።»

ቨርጅል በተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ዕድሜው በዚያች ቅጽበት የጨመረ መሰለ።

«እሱ ነው የጠራኝ» አለ በመጨረሻ። «‹ና፣ የማሳይህ ነገር አለ› አለኝ። አላስፈራራኝም። ‹እስከ ጠዋት ጊዜ አለህ። ራስህ ሄደህ ለሎርና ንገራት፤ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ› አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሥራውን ቀጠለ። መፍቻው ጠረጴዛው ላይ ነበር።»

አርዲስ ቀስ ብላ ወደ እሱ ተጠጋች። አልጮኸችም።

«እሱን በረዶ ላይ ጥለህ… መኪናውን ሰካህለት?»

«እጄ ነው፣ አርዲስ» አለ ቨርጅል። «አላሰብኩትም። እጄ ነው።»

ለሬይናልዶ የመጣው ካቴና ለሌላ ሰው ሆነ። ሸሪፉ በሬይናልዶ አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለና «ጓንቱ ልክህ ነው» ብሎት ወጣ።

ሎርና በመኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ስልኳን በእጇ ይዛ ቆየች። በመስተዋቱ በኩል ሬይናልዶ የሉተርን ጓንት አጥልቆ ሲወጣ አየችው። የሉተርን ፒካፕ ገመድ ነቅሎ በጥንቃቄ ጠቀለለው፤ ገብቶ ብሬከሩን አንሥቶ ተመለሰ። ከዚያ የእንስሳት ሐኪሙን ፒካፕ ሶኬት ነካ አድርጎ አጠበቀው፤ መዳፉንም ኮፈኑ ላይ አድርጎ፣ ሙቀቱ እስኪመጣ የሚጠብቅ ይመስል ቆመ።

ሎርና ደወለች። በወዲያኛው ጫፍ ያለችው እናት ሰላምታ አልሰጠችም፤ እንደ ወትሮዋ ጠየቀች።

«አዲስ ነገር አለ?»

«አለ» አለች ሎርና።