የአልማዙ መቀመጫ

ጥሩአየር የምትሠራው ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ከታናሽ እህቷ ከስመኝ ወርቅ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት የእንጨቱን ደረጃ ወጥታ የብረቱን በር ትከፍታለች፣ ሽርጧን ታስራለች፤ ከዚያ በሞረድ ፍቅፍቅታና በጋዝ እሳት ሹክሹክታ መካከል፣ የጋለ ብረትና የአሲድ ሽታ በጠገበው አየር ውስጥ፣ እስከ ምሳ ቀና ሳትል ትቀመጣለች። የክፍሉ ብቸኛ መስኮት የሚያየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ስለሆነ ለእሷ ብርሃን ማለት ጠረጴዛዋ ላይ የቆመው አንገተ ረጅም መብራት ነው።

ጋሽ ዘውገ የተባሉ ሽማግሌ አንድ ቀን ቀለበት ይዘው መጡ። አልማዙ ትልቅ ነው፤ ግን እንደታመመ ዓይን ፈዟል። ዙሪያውን ወፍራም ወርቅ እንደ ግንብ ከቦታል፤ ሥሩም ድፍን ነው።

«ያፈዘዘው መቀመጫው ነው» አለቻቸው ጥሩአየር፣ በማጉያ መነፅሯ እያየች። «አልማዝ የሚያበራው የገባለት ብርሃን ከሥሩ ተመትቶ ወደ ላይ ሲመለስ ነው። ይሄ ወርቅ አፍኖታል። በቀጫጭን ጥፍሮች ከፍ አድርጌ፣ ሥሩን ከፍቼ ባስቀምጠው ዓይን ይወጋል።»

«ብዙ ሰው ሞክሮታል፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «የሚስማማው መቀመጫ ጠፋ።»

ጥሩአየር ድንጋዩን ከግንቡ አውጥታ አጠበችና በነጭ ወርቅ ላይ በአራት ጥፍሮች አቆመችው። አልበራም። ጥፍሮቹን አቀጠነች፣ ከፍ አደረገች፣ ነጩን ወርቅ በቢጫ ለወጠች። መብራቱን ባስጠጋችለት ቁጥር ብርሃኑ ወደ ድንጋዩ ይገባል፤ አይመለስም፤ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ጠጠር ጥሎ ድምፁን እንደማጣት ነበር። እሳት ስታስነካው ደግሞ ወርቁ ቀልቶ ሲግል ድንጋዩ በረዶ እንደሆነ ይቀራል።

አንድ ከሰዓት ሰልችቷት፣ ቆዳ ላይ ምን እንደሚመስል ልታይ ብላ ቀለበቱን ጣቷ ላይ አጠለቀችው።

አበራ።

ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ሽርጧ ሳይቀር በትናንሽ የብርሃን ፍንጣሪዎች ተሞላ። ጥሩአየር እንደ ልጅ ሳቀች። እጇን እያገላበጠች ብዙ ቆየች፤ የጠረጴዛዋ መብራት ጠፍቶ እንደነበር፣ ከሰፈሩ ሁሉ መብራት እንደሄደ ያስተዋለችው ዘግይታ ነው።

ልታወልቀው ስትል እምቢ አላት። ሳሙና ሞከረች፤ ዘይት ሞከረች፤ ጣቷን በክር ጠመጠመች። በመጨረሻ ቀጭኑን መጋዝ አንስታ የቀለበቱን ወርቅ መቁረጥ ጀመረች። ገና አንዴ ስትጎትተው ሕመሙ እስከ መንጋጋዋ ዘለቀ፤ ከተጫረው ወርቅም ቀይ ጠብታ ወጣ። ደንግጣ ቆዳዋን አየች። ጫፉም አልተነካም።

ጋሽ ዘውገ ሲደወልላቸው ወዲያው መጡ። እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩት።

«አሁን ተቀመጠ» አሉ፤ ድምፃቸው በደስታ ይንቀጠቀጣል።

«አልወጣ አለኝ እኮ፣ ጋሽ ዘውገ! ምንድን ነው ይሄ ነገር?»

«ትንሽ ይቆይ። እስኪላመድ።»

«ምኑ ነው የሚላመደው?»

እሳቸው ግን ሰው ዕቃ እንደሚያስቀምጥ እጇን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ወጡ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በጥቂት በጥቂቱ መጣ። ወርቅ ቤት ስትወርድ ደንበኞች የሚያዩት ቀለበቱን ነው፤ ሲያናግሯትም ዓይናቸው ከጣቷ አይነሳም። ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ልትቀመጥባት ስትል ጥሩአየር «ሰው አለ!» ብላ ጮኸች፤ ሴትዮዋ ግን መመቻቸቷን ቀጠለች፤ ጥሩአየር ለጥቂት ሸርተት ብላ አመለጠች። በወርቅ ቤቱ መስታወት ውስጥ ቀለበቱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ክንዷ ከጣቷ ጀምሮ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄድና ፊቷ ጋ ሲደርስ መስታወት ላይ የተነፈሱት እስትንፋስ ያህል ይሆናል። ስለዚህ እጇን ሽርጧ ውስጥ መደበቅ ጀመረች።

አንድ አመሻሽ ላይ ስመኝ ወደ ላይ ወጣች። «እታለም?»

«እዚህ ነኝ፣ ስሙዬ» አለች ጥሩአየር ከወንበሯ።

የስመኝ ዓይን ክፍሉን ቃኝቶ፣ እሷ ላይ ደርሶ፣ አልፏት ሄደ። «ደግሞ ሳትነግረኝ ወጣች» አለችና የብረቱን በር ከውጭ ቆለፈችው።

ጥሩአየር በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው፤ ብረቱ ጥጥ ይመስል ዝም አለ። ከታች የእህቷን ሳቅ፣ የመኪናውን ጥሩንባ፣ የሎተሪ አዟሪውን ጩኸት፣ ሁሉንም ትሰማለች፤ የማትሰማው የራሷን ድምፅ ብቻ ነው።

ሲነጋ ቁልፉ ሲንቋቋ እጇን ከሽርጧ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የሚታየው ቀለበቱ ብቻ ከሆነ፣ እህቷን በቀለበቱ ትጠራታለች።

«ወይኔ!» አለች ስመኝ በሩ ላይ ቆማ። «እንዲህ ያለ ዕቃ ጥላ ትሄዳለች?»

መጥታ ቀለበቱን ያዘችው። ሳሙናና ዘይት ያልቻሉት ቀለበት በስመኝ ጣቶች መካከል ሸርተት ብሎ ወጣ። የጥሩአየር እጅ ቀለለ። ሙቀት ከጣቷ ተነስቶ በክንዷ ሲወጣ፣ ጉሮሮዋ ሲከፈት፣ ዓይኗን ጨፍና ለአፍታ ምንም ሳታስብ እፎይታውን አጣጣመችው። እህቷን ማስጠንቀቅ እንዳለባት ትዝ ያላት ከዚያ በኋላ ነው።

«አታጥልቂው!» አለች፤ ድምፅዋ ጥርት ብሎ ክፍሉን ሞላው።

ዘግይታለች፤ ስመኝ ቀለበቱን አጥልቃው ነበር። ዓይኗን ስትገልጥ እህቷ አትታይም፤ ክፍሉ በፍንጣሪ ተጥለቅልቋል፤ አልማዙ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ እስከ ዛሬ አይታው በማታውቀው ውበት ይነድዳል። ጎንበስ ብላ አየችው። ብርሃኑ ከየትኛውም ጎን ሳይባክን ይመለሳል። ለማን፣ ምን ልትናገር እንደነበር ጠፋባት፤ ይህን የመሰለ መቀመጫ መሥራቷ ብቻ ደስ አሰኛት።

«ዛሬ ደግሞ ስመኝ ምነው አረፈደች?» አለች ለብቻዋ፣ ሽርጧን እያጠበቀች።