አራት ቆርኪዎች

የላፕቶፑ ፋን መጮህ ሲጀምር ሞቲ ጌሙን ሊያሸንፍ ጥቂት ነበር የቀረው። ከሱሉልታ ብርድ ሸሽቶ አልጋው ላይ ወጥቷል፤ ላፕቶፑንም ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጦታል። ሙቀቱ ብርድ ልብሱን አልፎ ጭኑን ሲፈጀው እንኳ «ይህቺን ብቻ» እያለ ቀጠለ።

ላፕቶፑ የታላቅ እህቱ የጂቱ ነው። ጂቱ የሠርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች፤ ዛሬ ከሰዓት ቡራዩ በሚደረግ መልስ ላይ እንግዶች የሚያዩትን ቪዲዮ ያለ ማንም እገዛ ስትሠራ የመጀመሪያዋ ነው። የቀረው ላፕቶፑ ቪዲዮውን በአንድ ፋይል አጠናቅቆ እስኪያወጣው መጠበቅ ብቻ ነበር። ፍላሽ ልትዋስ ስትወጣ ከላፕቶፑ ሥር አየር እንዲገባ አራት የለስላሳ ቆርኪዎች በአራቱ ማዕዘን አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ትታዋለች። «እንዳትነካው፤ ይኼ ሥራ ብቻውን እንኳ ያግለዋል» ብላው ነበር። እሱ ግን ቆርኪዎቹን እንዳይጠፉ ኪሱ ከተተና ላፕቶፑን ወደ አልጋው ወሰደው።

የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ሞቲ ደነገጠ። እናቱ ናት። ጌሙን ሳይዘጋ ዝቅ ብቻ አደረገው፣ ላፕቶፑን ያለ ቆርኪዎቹ ጠረጴዛው ላይ ለጥፎ ወደ ጓሮ ሹልክ አለ።

እናታቸው ወርቅቱ ዕቃ ራቁቱን ሲቀመጥ አይሆንላትም። ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም፣ የውሃ ማጣሪያው ሳይቀር፣ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ለብሷል። በደጃቸው የሚያልፉት ድንጋይ የጫኑ መኪኖች የሚያስነሱት አቧራ በመስኮት ሲገባ ስታይ የልጇ ንብረት አሳዘናት። አንዱን ትልቅ ዳንቴል ሁለት እጥፍ አድርጋ አለበሰችው።

ጂቱ ስትመለስ ስክሪኑ ጠፍቷል። ዳንቴሉን ገፍፋ ብትነካው እንደ ካውያ ይፋጃል።

«ማነው የሸፈነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ወርቅቱ። «አቧራው እንዳይገባበት ብዬ እኮ ነው።»

ሞቲ ከጓሮ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ፤ አልገባም። የሙሽራዋ ወንድም ደውሎ ቪዲዮውን ሊወስድ መንገድ ላይ መሆኑን ሲናገር ደግሞ ጭንቀቱ ባሰበት። ጂቱ ላፕቶፑን መስኮቱ ሥር አስጠግታ እስኪበርድ በጋዜጣ ታራግበው ጀመር። ሞቲ «ብቻ ላፕቶፑ ይነሳ» እያለ በልቡ ለመነ። ከተነሳ፣ ጌሙ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ ስለጠፋ መጫወቱን ማንም አያውቅም። ይህን በማሰቡ ራሱን ጠላው፤ ግን አሰበው።

ላፕቶፑ ተነሳ። የቪዲዮው ሥራም አልጠፋም፤ ማውጣቱን ብቻ ከመጀመሪያው መጀመር ነበረባት። ጂቱ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችውና ቆርኪዎቹን ፈለገች። ፋኑ እንደገና መጮህ ጀምሯል።

«ቆርኪዎቹን አይታችኋል? አሁንም ከጋለ አልቆልኛል።»

ወርቅቱ መሬቱን በዓይኗ አሰሰች። «ስጠርግ አብሬ ጠርጌያቸው ይሆናል» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬስ እኔው ነኝ ያጠፋሁሽ።»

ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደችና ዳንቴሉን አውርዳ ታጥፈው ጀመር። ቀጥላ የፍሪጁን አወረደች። ጂቱ አልከለከለቻትም። ሞቲ እናቱ ያንን ዳንቴል ስትሠራ ክሩን ይዞላት እንደነበር ትዝ አለው። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፤ የቆርኪዎቹ ጥርስ መዳፉን ይወጋዋል።

ወደ ጠረጴዛው ሄዶ አራቱንም በጂቱ ፊት አስቀመጠ።

«እማዬ ስትሸፍነው ቀድሞ ግሎ ነበር» አለ። «አልጋ ላይ ጌም ስጫወትበት ነበር።»

የጂቱ ዓይን እሱ ላይ ቀረ። ወርቅቱም ማጠፏን አቆመች። ሞቲ ላፕቶፑን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘ። እያቃጠለውም ቢሆን ጂቱ ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ከሥሩ እስክታስገባ አልለቀቀውም።