ተዝካሯ የተበላ ልጅ

በዚያ ሰሞን ቢቸና ውስጥ በመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ቤት ወሬው ሁሉ ስለ ቤይሩት ጉዞ ነበር። ፓስፖርቱ ወጥቷል፤ ቪዛው ዛሬ ነገ እየተባለ ይጠበቃል። ባለቤታቸው ፈንታነሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያስመጣችውን አፈር በነጠላ ቁራጭ ቋጥራ በዳበሳ ሻንጣው ውስጥ ታስገባለች። «ስርጉቴ የአገሯን አፈር ሳትለብስ ቀረች። እኔ ሄጄ መቃብሯ ላይ እበትንላታለሁ» ትላለች። መሪጌታ ይህን በሰሙ ቁጥር ዳዊታቸውን ይገልጣሉ፤ ግን አንዲት መስመር አያነቡም። እንዴትስ ያንብቡ? ስርጉት አልሞተችም። አለመሞቷን ደግሞ እሳቸው ካወቁ አራት ዓመት ሆኗቸዋል...

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድዬ ልጃቸው ስርጉት እናቷን ሳትሰናበት ሄዳ ለቤት ሠራተኝነት ቤይሩት በገባች በሦስተኛው ዓመት ወደቡ ላይ ያ ፍንዳታ ደረሰ። ከሳምንት በኋላ «የቢቸናዋ ልጅ ግድግዳ ተንዶባት ሞተች» የሚል ወሬ መጣ፤ ስልኳም አይነሳም። ጎረቤታቸው አቶ ፋንታ «እስቲ ቆይተን እናጣራ» ቢሉ መሪጌታ በቁጣ መለሷቸው። ድንኳን ተተከለ፤ ፍትሐት ተደረሰ፤ ያስተማሯቸው ደቀ መዛሙርት ከየጥኖራና ከአምበር ድረስ መጥተው አለቀሱ። ለአርባዋ ጠላው ተጠምቆ፣ በሬው ታስሮ፣ ካህናቱ ተጠርተው ሁለት ቀን ሲቀር የመሪጌታ ስልክ ጮኸ። «አባባ፣ እኔ ነኝ። ሆስፒታል ተኝቼ ነበር» አለች ስርጉት። ወይ ጉድ! ይህን የሰማ አባት ምን ያደርጋል? ሮጦ ለእናቲቱ አይነግርም? መሪጌታ ግን መጀመሪያ የታያቸው የአቶ ፋንታ ፊት ነበር። በቁሟ ፍትሐት ያደረሰ መምህር ምን ይባላል? «ተዝካሩ ይለፍና እነግራታለሁ» አሉ። ተዝካሩ ተበላ፣ ተጠጣ፤ ከዚያማ አፋቸው ጭራሽ ተለጎመ። ስርጉት እየደወለች «እማዬን ያገናኙኝ» ብላ ስትማጠናቸው ደግሞ «ሳትሰናበቺያት በመሄድሽ ተቀይማሻለች፤ ድምፅሽን መስማት አትፈልግም» አሏት። ያቺ ልጅ በሰው አገር ይህን እውነት ብላ ስታለቅስ ኖረች።

ፈንታነሽም ጥቁሯን ሳታወልቅ ኖረች። በሁለተኛው ዓመት ዓይኗ ይጋርዳት ጀመር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት መሆኑን ነግሯት ጠብታ ሰጣት፤ ሳታቋርጥ ካደረገችው የቀረላትን ብርሃን እንደምታተርፍ አስረዳት። እሷ ግን ብልቃጡን አልከፈተችውም። «ምን ላይበት ነው፣ መሪጌታ? ማየት የምፈልጋት አፈር ገብታለች» አለቻቸው። ያን ዕለት አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ በእውነት ከፍተው ነበር... መልሰው ዘጉት። ባለፈው ክረምት ዓይኗ ጨርሶ ጠፋ።

ስርጉት ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ከቤት ሠራተኝነት ወጥታ የልብስ ስፌት ቤት ገብታ ነበርና «ሁለታችሁም ኑልኝ፤ እማዬ እግር ላይ ወድቄ እታረቃለሁ» አለች። መሪጌታ በሆዳቸው መላ ዘየዱ። ቢቸና በማይሰማበት፣ ከባሕር ማዶ፣ የእናትን እጅ በልጅ እጅ ያስይዛሉ፤ ያኔ ሁሉም ነገር ያልቃል። ለፈንታነሽ ያሏት «መቃብሯን ተሳልመን እንምጣ» ብቻ ነው።

ስለ መንገዱ ለመጠየቅ ሞጣ ወደምትኖረው ነጋዴ ወደ ዘይዳ ሄዱ። የዘይዳ ልጅ ሪሃብ የምትሠራው ከስርጉት ጋር ነው፤ ዘይዳም አገሩን ሁለት ጊዜ አይታዋለች። መሪጌታ ብቻቸውን ሊሄዱ ፈልገው ነበር፤ ፈንታነሽ «እኔም በጆሮዬ ልስማ» ብላ አስቸገረች። ዘይዳን አስቀድመው ያስጠንቅቋት ቢሉ ምን ብለው ይጀምሩላት?

«የድሮው የድንጋይ ዓምድ ሳይፈርስ ከጎኑ መስተዋት የለበሰ ፎቅ ተገትሯል» አለች ዘይዳ እያስተናገደቻቸው። «ባሕሩ ዳር ሲመሽ ሰው ሁሉ በእግሩ ይንሸራሸራል። ነፋስ አለው፤ ጋቢ ያዙ።»

«እህቴ፣ የእኛን ሰው የሚቀብሩት ከተማው ውስጥ ነው ወይስ ከከተማው ውጭ?» አለች ፈንታነሽ።

«የምን መቃብር?»

«የስርጉቴ ነዋ።»

«ምን ነካሽ፣ ስርጉት ትናንት አነጋግራኝ የለም እንዴ? ለእናቴ አልጋ ገዛሁላት ብላ ስትደሰት ነበር።»

ፈንታነሽ ፊቷን ወደ ባሏ አዞረች፤ ያዞረችው ግን ባዶ ወንበር ወዳለበት ነበር። «መሪጌታ?»

«አለች። ልጃችን በሕይወት አለች» አሉ መሪጌታ።

«መቼ ሰማህ?» በትዳር ዘመኗ አንተ ብላቸው አታውቅም።

«ተዝካሩ ሁለት ቀን ሲቀረው።»

«ዓይኔ ሳለ።»

«አዎ። ዓይንሽ ሳለ።»

ዘይዳ ለስርጉት በምስል ደወለችና ስልኩን ፈንታነሽ እጅ ላይ አኖረችው። የስርጉት መልክ ስልኩ መስተዋት ላይ ብቅ አለ። «እማዬ... ታረቅሽኝ?»

«እኔ መቼ ተቀይሜሽ አውቃለሁ፣ ልጄ?»

«ታዲያ ለምን ወደ ጎን ታያለሽ? ወደ እኔ እዪ እንጂ።»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ወደ ስልኩ ቀረቡ። «ስርጉት፣ እናትሽ አታይም። ያሳወርኳት እኔ ነኝ» አሉ።

ፈንታነሽ በወሩ ከዘይዳ ጋር ተሳፍራ ሄደች፤ መሪጌታን አላስከተለቻቸውም። እሳቸው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ ፊት ቆመው እያለቀሱ ሁሉንም ተናገሩ። ድንጋይ ይወረውሩብኛል ብለው ነበር የጠበቁት። ሕዝቡ ግን ስርጉት መኖሯን ሲሰማ እልልታውን አቀለጠው፤ አቶ ፋንታም መጥተው አቀፏቸው። አዬ የሰው ነገር! ያ አራት ዓመት ሙሉ የፈሩት እፍረት እንደዚያ በአንድ አፍታ አለፈ። መሪጌታ ከዚያ እልልታ መሐል ቆመው የቢቸናን ሰው ፊት አንድ በአንድ አዩት፤ አንድም የሚያስፈራ አላገኙም።