ከወንዙ ማዶ ያለ እሳት

«ያንን ጥቁር ሻሽ አውልቂ አልኩሽ! እምዬ ደርሰዋል!» አለች ስርጉት፣ የራሷን ጥቁር ቀሚስ እየጠቀለለች አልጋ ስር እየከተተች።

ትሕትና የእናቷን ቁጣ ፈርታ ሻሹን ፈታችው። ከሰኔ ጀምሮ ከራሷ ወርዶ አያውቅም፤ ትምህርት ቤት እንኳ በሱ ነው የምትሄደው። እናቷ ቢጫ ሹራብ ወረወረችላት። አባቷ ይሻው ወንበር ላይ ወጥቶ የደጀንን ፎቶ ከግድግዳው አወረደና ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሸጎጠው። ምስማሩ ብቻውን ቀረ።

«እምዬ ስለ ወንድምሽ ከጠየቁሽ፣ ባሕር ዳር ትምህርት ላይ ነው በይ» አለ ዓይኗን ሳያይ። «ለምን አይደውልም ካሉሽ፣ ኔትወርክ የለም ነው። ሐኪሙ በስልክ ሲነግረኝ ግፊታቸው ከፍ ብሏልና ድንጋጤ እንዳይነካቸው ብሏል።»

«ታክመው ሲጨርሱስ?»

«ገብሱ ተወቅቶ ሲያልቅ እናያለን።»

ትሕትና ሻሹን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። «እናያለን» የምትለውን ቃል አሳምራ ታውቃታለች። ሰኔ ላይ፣ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሲደርስ፣ «ቤት እንግዳ በዝቷል፣ አክስትሽ ጋ ሆነሽ አጥኚ» ብለው ሰደዷት። ደጀን ለዕረፍት ወደ ቤት ሲመጣ የተሳፈረበት መኪና መንገድ ላይ ተገልብጦ ነበር። መሞቱን ጎረቤቱ ያውቃል፣ መምህራኑ ያውቃሉ፣ ፈታኙ ሳይቀር ያውቃል። እሷ ብቻ አታውቅም። እሱ ሲቀበር እሷ አዳራሽ ውስጥ የሂሳብ መልስ ታጠቁር ነበር! ፈተናው ባለቀ ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎች መጥተው መርዶውን ነገሯት። ውጤቷ ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ መጣ። እስከ ዛሬ ሰው «እንኳን ደስ አለሽ» ባላት ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

እምዬ ታንጉት፣ የአባቷ እናት፣ እስከ ጉና ተራራ እግር ሥር በበቅሎ፣ ከዚያ በመኪና ነው የመጡት። ከስተዋል። ገና ሳይቀመጡ ከነጠላቸው ስር በጨርቅ የታሰረ በሶ አወጡ።

«ይኼ የደጀን ነው፤ ማንም እንዳይነካው። ወደ ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው ስጡልኝ። ተማሪ ቤት ምን ይበላል እሱ!»

ስርጉት በሶውን ተቀብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ለረጅም ጊዜ አልተመለሰችም።

እምዬ የተኙት ትሕትና ክፍል፣ የደጀን አልጋ ላይ ነው። ከሰኔ ወዲህ እዚያ አልጋ ላይ ሰው ተኝቶ አያውቅም።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ላፕቶፕም የደጀን ነበር፣ በውስጡ ያለው ጌምም እንደዚያው። ሁለት ክረምት አብረው ተጫውተውታል፤ እሱ ማውሱን ይዞ፣ እሷ ከጎኑ ብርድ ልብስ ተከናንባ። ውጊያ አለው፣ ዘንዶ አለው፣ እሷን የያዛት ግን ወሬው ነው። በየመንደሩ የሚገኘው ሰው ሁሉ የራሱ ጣጣ አለበት፤ አንድ ጊዜ የመለስክለትን ቃል አይረሳም፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ መጥቶ ያነሳብሃል። ንግግሩ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ደጀን ይተረጉምላት ነበር። ሲተረጉም ደግሞ ዝም ብሎ መሰላችሁ! ሽማግሌውን ታንኳ ቀዛፊ እንደ ጉና ሰው «በል እንግዲህ፣ እግዜር ያሻግርህ» ያሰኘዋል። ትሕትና በሳቅ ትፈርሳለች።

ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ሚራን ነው። ሚራ የጀግናው ጓደኛ ናት፤ ቀስተኛ፣ ምላሰኛ፣ ዝናብ ውስጥ እሳት ማንደድ የምትችል። ጌሙ ውስጥ ያለው ጥቁር ወንዝ ጋ ሲደርሱ ደጀን አንድ ቀን ያለሷ ተጫወተና «ሚራ ቀድማ ተሻገረች። ማዶ እሳት አንድዳ ትጠብቀናለች» አላት። ከዚያ ወዲህ ሚራ ስክሪኑ ላይ አልታየችም፤ ድምጿ ግን ነበር። ደጀን ድምፁን አቅጥኖ «እናንተ ኤሊዎች! እሳቱ ሊጠፋ ነው፣ ኧረ ቶሎ በሉ!» ይላል።

ትሕትና ጌሙን ዛሬም የምትከፍተው እሳቱን ለማየት ነው። የክፍል ጓደኛዋ ሕይወት «አንቺ ልጅ፣ አሁንም እዚያው ወንዝ ነሽ? ምን ሙድ ነው?» እያለች ታበሽቃታለች። ለሷ ምን ብላ ታስረዳት? አንዳንዴ የጆሮ ማዳመጫውን ስታወልቅ፣ «እናንተ ኤሊዎች» የሚል ድምፅ ከጀርባዋ የሰማች ይመስላታል። ዞር ስትል የደጀን አልጋ እንደተነጠፈ ነው። ትፈራለች። ደግሞ እንዲደገም ትፈልጋለች።

በማግስቱ አባቷ እምዬን ከሆስፒታል ይዟቸው ተመለሰ። መድኃኒቱ ሠርቶ ግፊታቸው ወርዷል፤ ነገ ወደ ጉና መሄድ ይችላሉ ተብሏል። ከሰዓት በኋላ አልጋው ላይ ጋደም አሉ። የኅዳር ነፋስ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ትሕትና ከትምህርት ቤት ገብታ ላፕቶፑን ከፈተች፤ በዚያን ቀን በስንት ጣር ወንዙን ተሻገረች።

ማዶ ላይ እሳት የለም። ዳርቻውን ከላይ እስከ ታች አሰሰችው፤ አመድ እንኳ የለም። ሳትመለከት ያለፈችው ነገር ይኖር እንደሆነ ብላ ወደኋላ ተመለሰች። ከወንዙ ወዲህ፣ አንድ ዛፍ ስር የድንጋይ ክምር አለ፤ ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፋለች። ጀግናውን አስጠግታ ጽሑፉን አነበበች። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ እንግሊዝኛው ይገባታል። «ሚራ እዚህ አርፋለች» ይላል። ከበታቹ ደግሞ «ለመንበርከክ ይህን ተጫን» የሚል አለ።

ትሕትና ድንጋዩን እያየች ቀረች። ያ ሁሉ «እናንተ ኤሊዎች»፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ጌሙ ውስጥ አንዱም አልነበረም። ደጀን ከራሱ ፈጥሮ ነው። ሚራ የሞተችው ገና ያኔ፣ ደጀን ያለሷ የተጫወተ ዕለት ነው።

«አንተም?» አለች ጮክ ብላ። «አንተም እንደነሱ ደበቅከኝ?» ላፕቶፑን ከደነችው።

«ማንን ነው የምትቆጪው፣ ልጄ?» የሚል ድምፅ ከደጀን አልጋ መጣ። ትሕትና ዘላ ተነሳች፤ እምዬ መሆናቸውን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት።

«ምንም አይደል እምዬ። ጨዋታ ነው፤ የደጀን።»

«ያ ወንዝ ያለበት ነው?»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«ካቻምና ክረምት ጉና መጥቶ የለ? ያንን ሳጥኑን በሶላር እየሞላ ሲያጫውተኝ ከረመ። ያቺ ቀስተኛይቱ የሞተች ዕለትማ አልቅሻለሁ።» ወዲያው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ወይ ጉዴ! ለትሕትና እንዳይነግሩ ብሎ አስምሎኝ ነበር። ሆደ ባሻ ናት ብሎ።»

ትሕትና ወደ አልጋው ተጠጋች። «እርስዎስ ምን አሉት?»

«ተቆጣሁት እንጂ! ሰው የሞተበትን አትደብቀው አልኩት። ጨዋታ እኮ ነው እምዬ አለኝ። ጨዋታም ቢሆን የምትወዳት ናት፤ ታልቅስላትና እርሟን ታውጣ አልኩት። እርሙን ያላወጣ ሰው ሲጠብቅ ነው የሚኖር፣ ልጄ። ኮቴ በሰማ ቁጥር እየተነሳ።»

ትሕትና ላፕቶፑን መልሳ ከፈተችና «ለመንበርከክ» የሚለውን ተጫነች። ከራሱ በላይ «ደጀን» የሚል ስም የተጻፈበት ጀግና ሰይፉን መሬት ላይ አድርጎ ድንጋዩ ፊት ተንበረከከ። ደጀን እሷ ባለችበት ይህን አንድም ጊዜ አላደረገውም፤ ቢንበረከክ የሚራን ሞት ታውቅበት ነበር። አሁን ገባት። እንባዋ እየወረደ፣ እንደተንበረከከ ተወችው።

«ለመሆኑ ይኼ ልጅ ምን ሆኖ ነው የማይደውል?» አሉ እምዬ ወደ በሩ እያዩ። «ቅድም ኮቴ ስሰማ እሱ መስሎኝ ነበር።»

ኔትወርክ የለም የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«መጣሁ እምዬ» አለችና ወጣች።

ሳሎን ውስጥ እናትና አባቷ ለነገው ጉዞ ዕቃ ያሰናዳሉ። በሶው እንደታሰረ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ለእምዬ እንንገራቸው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አብደሻል?» እናቷ ቀድማ ተነሳች። «ነገ ይሄዳሉ! ደግሞስ መርዶ እንዲህ ይነገራል? ሽማግሌ ተጠርቶ፣ በማለዳ፣ ወግ አለው!»

«ለኔ በወጉ ነገራችሁኝ። ሽማግሌ ተጠርቶ፣ በማለዳ። ከቀበራችሁት በኋላ።»

ከስርጉት እጅ ፌስታሉ ወደቀ።

«ለፈተናሽ ብለን ነው እኮ» አለ ይሻው፤ ድምፁ ተሰበረ። «አንድ ዓመት እንዳይባክንብሽ ብለን።»

«አውቃለሁ። አፈር ግን አላለበስኩትም፣ አባባ። በሩ ሲንኳኳ እስካሁን እሱ ይመስለኛል። እምዬም በሶ ፈጭተው እየጠበቁት ነው። ሰው የሞተበትን አትደብቀው ይላሉ፤ አሁን ከአፋቸው ሰማሁ።»

እናቷ በሶውን አንስታ ደረቷ ላይ አስጠጋችው፤ ልቅሶዋ እንዳይሰማ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። አባቷ ፎቶው ተሰቅሎበት የነበረውን ምስማር አየ። ብዙ አየው። ልጁን አጥቶ ከገዛ እናቱ ፊት ሲስቅ የዋለው እሱ ነው፤ ፊቱ ላይ የነበረው ማስመሰል ሁሉ አሁን ወረደ።

ትሕትና ቢጫውን ሹራብ አወለቀች። ሻሹን ከኪሷ አውጥታ አሰረችው። ማንም አልከለከላትም። ወደ ክፍሉ ስታመራ ቁም ሳጥኑ ሲንሸራተት ከጀርባዋ ሰማች።

እምዬ ታንጉት ቀና አሉ። መጀመሪያ ጥቁሩን ሻሽ አዩ። ቀጥሎ በሩ ላይ ፎቶ ይዞ የቆመውን ልጃቸውን። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

ትሕትና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ሁለቱንም እጃቸውን ያዘች። ቀዝቅዘዋል።

«እምዬ» አለች፣ «እኔም አላወጣሁም። አብረን እርማችንን እናውጣ።»