ከመቶ ሰማንያ ሁለት

«ይቺን ከመቶ ሰማንያ ሁለት ከየት አመጣሻት?» አለች ታኮ፣ ክርክሩ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ አዳራሹ በር ላይ ቆማ።

«ከጭንቅላቴ» አለች ራዲዮ ዘና ብላ። «ሰማንያ ብቻ ብል ሰው ይጠራጠራል። ሁለቷን ጣል ሳደርግባት ግን ጥናት ጥናት ትሸታለች።»

ታኮ ክው አለች። ራዲዮ የጻፈችው የንግግር ወረቀት እንደሚለው ከሆነ፣ በአገር አቋራጩ መንገድ ከሚደርሱት አደጋዎች ከመቶ ሰማንያ ሁለቱ የሚደርሱት የጭነት መኪና ሾፌሮችን መሪ ላይ እንቅልፍ ሲጥላቸው ነው። የክርክሩ ርዕስ፣ ከተሞቹን ለማገናኘት ገንዘቡ ለመንገድ ይዋል ወይስ ለባቡር ሐዲድ የሚል ሲሆን፣ ዕጣ ሲወጣ ለታኮና ለራዲዮ ባቡር ደረሳቸው። ያሸነፈው ቡድን ትምህርት ቤቱን ወክሎ በከተማው ውድድር ይቀርባል። ራዲዮ ይህን ውድድር ዓመቱን ሙሉ ስታልመው ኖራለች።

ራዲዮን ራዲዮ ያሰኛት አፏ አለማረፉ ነው። የታኮን ስም ያወጣው ግን አባቷ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ትምህርት ሲዘጋ በጭነት መኪናው ይዟት ይሄድ ነበር። ዳገት ላይ በቆመ ቁጥር ዘላ ወርዳ፣ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር ታኮ የምታስገባው እሷ ነበረች። የእንጨቱ ስም ስሟ ሆኖ ቀረ።

«አባቴ እኮ ሾፌር ነው።»

«የአባትሽን ስም ጠርቼ አልተናገርኩም። ደግሞ ማን ይጠይቃል? አታካብጂ።»

ራዲዮ የተማመነችበት ነገር አላት። የጂኦግራፊ መምህሩ ባወጣው ደንብ፣ የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ቁጥር ከጠራች ምንጩን የምትናገረው ሁለተኛዋ ናት፤ ጓደኛሞች እርስ በርስ እንዲተራረሙ ብሎ ነው። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ምንጭ የጠየቀው ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው።

ታኮ አዳራሹ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው አባቷን ነው። መንገድ ላይ መሆን ነበረበት። ጭነቱ ለነገ ሲተላለፍበት መጥቶ፣ የታጠበ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ኮፍያውን አጠገቡ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጦታል። ጠዋት በምን እንደምትከራከር ሲጠይቃት «ስለ መንገድ» ብላ አልፋዋለች። ባቡር ከመጣ ጭነቱ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል፤ ያኔ አባቷ ምን ሊሠራ ነው? ይህን መጠየቅ ትፈራለች። ከዚያ የባሰ የምትፈራው ግን መንገዱን ነው። መንገዱ በገደል ውስጥ የሚያልፍበት፣ ስልክ የማይሠራበት የአራት ሰዓት ጉዞ አለ። አባቷ እዚያ በገባ ቁጥር ከምታጠናው አንድ መስመር እንኳ አይገባትም፤ እናቷም ሽንኩርት እየከተፈች ሰዓቱን ሰርቃ ታያለች። ለምን እንደሚያዩት ግን ሁለቱም አያወሩም።

ራዲዮ ተነሳች። ስትናገር ሰውን ከወንበሩ ታስነሳለች። ቁጥሩ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቃሉን ረገጥ አድርጋ ተናገረችው። አዳራሹ አጉረመረመ፤ አንዲት እናት «ወይ ጉድ!» አሉ።

ታኮ ወደ ኋላ ላለማየት ብትታገልም አየች። አባቷ የተቆጣ አይመስልም። አንገቱን ደፍቶ መዳፎቹን ያገላብጣል፤ ጥፋቱን እዚያ እንደሚፈልግ ሰው። እንቅልፍ ሲመጣበት ጥግ ይዞ የሚቆም፣ ባለጭነቱ በስልክ ቢጮህበት እንኳ ሳይተኛ የማይነሳ ሰው ነው።

መምህሩ መነጽሩን ከፍ አደረገ። «የቁጥሩ ምንጭ? ሁለተኛዋ ተናጋሪ።»

ራዲዮ ጠረጴዛው ሥር የታኮን እግር ነካ አድርጋ ወረቀት አስጠጋችላት። «ትራንስፖርት ቢሮ በይ» ይላል። ሁለት ቃል ናት። ያቺን ብላ ብትቀመጥ ውድድሩ የእነሱ ነው፤ ጓደኝነታቸውም እንዳለ ይቀጥላል።

ታኮ ማይክራፎኑን ወደ ቁመቷ ዝቅ አደረገችው። ብረቱ ተንቋቋ።

«ምንጭ የለንም» አለች። «ውሸት መሆኑን ከመግባታችን በፊት አውቄ ዝም ብያለሁ።»

መምህሩ ጥቂት አያትና ወረቀቱ ላይ አሥር ነጥብ ሰረዘ። አፏ አርፎ የማያውቀው ራዲዮ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ነገ አብረው ይቀመጡ እንደሆነ ታኮ አታውቅም። ሰዓት ያዧ ሁለት ጣቶቿን አወጣች፤ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል።

ካርዷ ላይ ያለው ሁሉ በዚያ ቁጥር ላይ የቆመ ስለነበር ገልብጣ አስቀመጠችው። አሁን ብትቀመጥ ማንም አይፈርድባትም። አባቷም ባቡር የሚለውን ቃል ከእሷ አፍ ሳይሰማ ወደ ቤት ይሄዳል።

ቀና ስትል መዳፎቹን ትቶ እሷን እያያት ነው።

«የጭነት መኪና ሾፌር ልጅ ነኝ» አለች። «ገደሉ ጋ ስልክ አይሠራም። አባቴ እዚያ ሲገባ እኔና እናቴ አራት ሰዓት ሙሉ ሰዓት ስናይ እንውላለን። ባቡሩ ይሠራ የምለው ለዚህ ነው። ባቡሩ ሲመጣ አባቴ ምን እንደሚሠራ ግን አላውቅም። ጠይቄው አላውቅም።»

ሰዓት ያዧ አንድ ጣት አወጣች።

«ዛሬ እጠይቀዋለሁ።»

መጨረሻው ረድፍ ላይ አባቷ የአንገቱን ቁልፍ ፈታ። ከዚያ ባዶው ወንበር ላይ ያስቀመጠውን ኮፍያ አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገና ቦታ ለቀቀላት።