አንዳንድ አካላት

«ላም ስታገሳ ዓለም ይሞቃል?» አለ አባቷ። ቢላዋውን አስቀምጦ ከልቡ ሳቀ። «እንግዲያው አጎትሽ ብቻውን አገር ያነዳል።»

«አትሳቅ ብዬህ ነበር፣ አባዬ።»

«እሺ ፕሮፌሰር፣ ቀጥይ።»

ሥጋ ቤቱ ሊዘጋ ነው። ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጣ ነገ ትምህርት ቤት በወላጆች ፊት የምታቀርበውን ክርክር ታነብለታለች። ዕጣ የጣላት «ሥጋ መብላት ይቀነስ» ከሚለው ወገን ነው። መጀመሪያ ተናዳ ነበር። ስታነብ ስታነብ ግን አመነችበት፤ ጣጣው የመጣው ያኔ ነው።

ለግጦሽ ስለሚመነጠረው ደን አነበበች፤ መኖ ለማብቀል ስለሚፈሰው ውኃም። አባቷ የመቁረጫውን ግንድ በሽቦ ብሩሽ እየፈተገ ያዳምጣል።

«ከሰፈራችን በታች ያለውን ጅረት ያገማው ደግሞ፣ አንዳንድ አካላት የሚለቁት ደምና ሞራ ነው።»

ብሩሹ ቆመ። «እነማን?»

«አንዳንድ አካላት።»

«ሱቃቸው የት ነው?»

ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ተከለች። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ በግልጽ ጽፋው ነበር። አብራት የምትከራከረው ጓደኛዋ ናት ያስለወጠቻት፦ «ነቄ በይ እንጂ፤ ነገ ከሚመጡት ወላጆች ግማሹ የአባትሽ ደንበኛ ነው። በገዛ ቤትሽ ላይ ድንጋይ ትወረውሪያለሽ?» እሷም ለወጠችው። ከዚያ ወዲህ ያቺን ሐረግ ባየች ቁጥር ይቀፋታል። ሁሉን የምትወቅስ፣ ማንንም የማትነካ የፈሪ ሐረግ!

«እኔን ነው?» አለ አባቷ ዝግ ብሎ።

«ሌሎቹንም ነው።»

«ስለ ሌሎቹ አልጠየቅሁሽም።»

«አዎ። አንተንም ነው።»

ፊቱን አዙሮ እጁን ታጠበ። ውኃው በቱቦው ተንደቅድቆ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮም ወደ ጅረቱ ሲወርድ ሁለቱም ሰሙት።

«ደብተርሽም ጫማሽም የወጣው ከዚህ ግንድ ላይ ነው» አለ።

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው ስምህን ለመጻፍ እጄ እምቢ ያለኝ።» ድምፅዋ ተሰበረ።

መጥቶ አጠገቧ ቆመ። መዳፉ ሞራ እንዳይሸታት፣ እንደ ልማዱ በእጁ ጀርባ ጉንጯን ነካ።

«ደስ አላለኝም፤ እሱን እወቂው» አለ። «ቱቦውን ዛሬ ዝጋ ብትዪኝም ውኃውን የት እንደማደርሰው አላውቅም። ግን ነገ እመጣለሁ። የት ልቀመጥ?»

«ከፊት» አለች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«ከፊት? ሰው ሁሉ ዞሮ ሊያየኝ?»

«እኔ እንዳይህ ነው።»

አባቷ ሽርጡን መፍታት ጀመረ። እሷ እስክሪብቶዋን አንስታ ሁለቱን ቃላት ሰረዘች። «የሚለቁት» የሚለውም አብሮ መሄድ ነበረበት። ከላይ በነበረው ጠባብ ቦታ ላይ፣ ፊደሎቹን አጠጋግታ፣ «እኛ የምንለቀው» ብላ ጻፈች።